መጨረሻው ሲቀርብ ለሚወድቁ ወጣት ብስክሌተኞች

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ብስክሌተኞች፤

በአጥንት ሕክምና ሙያ ባገለገልኩባቸው ዓመታትና በጡረታ ዘመኔም ውድድሮቻችሁን በሕክምና ሳጅብ ብዙዎቻችሁን በመልክ፣ አንዳንዶቻችሁን ደግሞ በጠባሳችሁ ለይቼ አውቃችኋለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ውድድር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስለሚደርስ አደጋ። በመነሻው አካባቢ የወደቀ ልጅ እጅና እግሩን ይፈትሻል፤ ሊገባ ሲል የወደቀ ግን በመጀመሪያ የሚፈልገው ብስክሌቱን ነው። የመጨረሻው መስመር መቅረብ ሕመሙን ይሸፍንበታል፣ ማስተዋሉንም ይወስድበታል። ከመውደቁ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አወዳደቁ ራሱ በአብዛኛው ድንገተኛ አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በሐረጎ ቁልቁለት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር መብረርም ለእናንተ ብርቅ አይደለም። በዚህ ፍጥነት በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የደከመ ጋላቢ ደግሞ ዓይኑን ከፊቱ ባለው ጎማ ላይ ተክሎ ስለሚሄድ ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ ነው፣ ስለዘገየም አጥብቆ ይይዘዋል፣ በኩርባ ላይ የፊት ጎማው ሲያዝበት ብስክሌቱ ከሥሩ ይሸሸዋል። ስለዚህ ፍሬን መያዝ ያለበት ኩርባው ውስጥ ሳይገባ፣ መሪው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። የሐረጎን ጉምና የጭነት መኪኖች በመንገዱ ላይ የሚያንጠባጥቡትን ዘይት ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁና አላስረዝምም። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ግን አደጋው ይለወጣል፤ የፊት ጎማችሁን ከቀዳሚው የኋላ ጎማ ጎን አስገብታችሁ ስትጋልቡ፣ እሱ ጥቂት ዘወር ቢል የምትወድቁት እናንተ ናችሁ፣ እሱ ብዙውን ጊዜ አያውቀውም።

በእ.ኤ.አ. 2020 በፖላንድ ዙር ውድድር፣ በካቶቪትሰ ከተማ፣ የመጨረሻው መስመር በቁልቁለት ላይ ነበር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ለማሸነፍ ሲታገሉ ኔዘርላንዳዊው ጋላቢ ዲላን ግሩነቨገን ቀጥታ መስመሩን ለቆ የአገሩን ልጅ ፋቢዮ ያኮብሰንን ወደ አጥሩ ገፋው። ያኮብሰን ለሞት የሚያሰጋ ጉዳት ደረሰበት፤ ግሩነቨገን ራሱም አጥንቱ ተሰበረ፣ ለ9 ወራትም ታገደ። ያኮብሰን በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ በስፔን ዙር ሦስት ቀናትን አሸንፏል። ጀግንነቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ይህን ታሪክ የሚያወሩላችሁ ሰዎች በመመለሱ ላይ ሲያተኩሩ እሰማለሁና እኔ የምፈልገው መነሻውን እንድታዩ ነው፤ ቀጥታ መስመርን መልቀቅ። በእ.ኤ.አ. 2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ኔዘርላንዳዊቷ አነሚክ ፋን ፍሉተን ውድድሩን እየመራች በመጨረሻው ቁልቁለት ወደቀች፤ አንጎሏ ተናወጠ፣ የጀርባ አጥንቷም ተሰነጠቀ። ወርቁን የወሰደችው የቡድን ጓደኛዋ ናት። ፋን ፍሉተን በቶኪዮ በግል ሰዓት ሙከራ ውድድር ወርቅ ለማግኘት የበቃችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ለመነሣት የሚያስቸኩላችሁ የሰዓት ጉዳይ ከሆነ ደንቡን እወቁት። በብዙ ቀናት ውድድር፣ መጨረሻው አቀበት ላይ ካልሆነ፣ በተለመደው ደንብ በመጨረሻዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ለወደቀ ጋላቢ ሲወድቅ አብረውት ይጋልቡ የነበሩት የገቡበት ሰዓት ይያዝለታል፤ ብስክሌቱን ይዞ በእግሩ ቢገባም ይቆጠርለታል። በአንድ ቀን ውድድር ግን ይህ ከለላ የለም። እንግዲህ በአንደኛው ችኮላው ከንቱ ነው፤ በሌላኛውም የምታተርፉት ደረጃ ጭንቅላታችሁን አያክልም።

ከወደቃችሁ በኋላ እንድትቀጥሉ ወይም እንድታቆሙ የሚወስነው ሰው እናንተ መሆን የለባችሁም። ይህንን ከአሠልጣኛችሁ ጋር ከመነሻው በፊት ተስማሙ። አንጎሉ የተናወጠ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ሊምል ይችላልና አሠልጣኙ ወይም ሐኪሙ የት እንዳላችሁ፣ ስንተኛ ዙር እንደሆነ፣ ከፊት ማን እንዳለ ይጠይቃችሁ። መልሱ ከተደናገረ፣ ራስ ምታት፣ ማጥወልወል ወይም ማዞር ካለ ውድድሩ አበቃ። በዚያች ሌሊት ብቻችሁን አትደሩ፤ ትውከት ወይም ግራ መጋባት ከበረታ ወደ ሆስፒታል። የካዛክስታኑ ጋላቢ አንድሬይ ኪቪሌቭ በፈረንሳይ በሚካሄደው የፓሪስ ኒስ ውድድር ወድቆ ከሞተ በኋላ በእ.ኤ.አ. 2003 የራስ መከላከያ ቆብ በዓለም አቀፍ ውድድሮች ግዴታ ሆነ፤ ግጭት የተቀበለ ቆብ ግን ስንጥቅ ባይታይበትም ሁለተኛ አይለበስም። ዋጋው ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክለቦቻችን ከማልያ ቀድመው ሊያስቡበት የሚገባም ይኸው ነው።

ስትወድቁ እጃችሁን ወይም ትከሻችሁን ስለምታስቀድሙ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የተዘረጋው ቀጭን አጥንት ነው። አብዛኛው ስብራት ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ክንድን በአንገት ላይ በማንጠልጠል ይድናል፤ ለዚህም ሳምንታትን መታገሥ ይጠይቃል። ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ የቡና ዱቄት አትነስንሱበት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቁ። ወላጆቻችሁ ወደ ወጌሻ ሊወስዷችሁ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ፤ እኔም ወጌሻን አልንቅም፣ ነገር ግን ራጅ ሳትነሡ አትሂዱ። አስቀድሞ ከታሰረላችሁም ጣቶቻችሁን ተመልከቱ፤ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስሩ እስኪነጋ አይቆይ፣ ወዲያውኑ ተፈትቶ ሐኪም ይያችሁ።