ማልዲቭስ፦ ሪዞርት ወይስ ከነዋሪው ጋር?

ባልሽ ሪዞርት ይሻላል ሲል፣ አንቺ ከነዋሪው ጋር መሰንበት ፈልገሻል። ሁለታችሁም አትሸነፉ፣ የጉዞውን ቀናት ከፋፍሉት። መጀመሪያ ሰው የሚኖርበት ደሴት ላይ ሰንብቱ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ባልሽ የሚፈልገው ሪዞርት ያዙ። ቅደም ተከተሉን ግን አትገልብጡት። ከሪዞርት ወጥቶ ትንሽ እንግዳ ማረፊያ የገባ ሰው በሁሉም ነገር ማማረር ይጀምራል።

«ሪዞርት አርፈን በቀን እየወጣን ከሰው ብንቀላቀልስ?» ላልሽው፣ እዚያ አገር አይሆንም። ሪዞርቱ ብዙውን ጊዜ ደሴቱን ለብቻው ነው የያዘው። ከበር ወጥተሽ የምትሄጂበት መንደር የለም፣ ዙሪያው ባሕር ነው። የሚያዘጋጁት የመንደር ጉብኝት አለ፤ ያው ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነው።

በነዋሪዎች ደሴት ላይ እንግዳ ማረፊያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከነዚህ ደሴቶች አንዷ ማፉሺ ዛሬ በቱሪስት ተጨናንቃለች፣ ስለዚህ ጸጥ ያለ ደሴት ፈልጊ። ወደ አመሻሽ ወደቡ አካባቢ ብረት ላይ የተወጠሩ የመረብ ወንበሮች ታያለሽ፤ ጆሊ ይሏቸዋል። ሰዉ እዚያ ተቀምጦ ነው የሚያወራው። ቁጭ በይ፣ ወሬው ራሱ ይመጣል።

በነዋሪዎች ደሴት ላይ የአልኮል መጠጥ የለም፤ ቢኪኒም በተፈቀደው ዳርቻ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ወደ ሪዞርቶች የሚያመላልሰው የባሕር አውሮፕላን በቀን ብርሃን ብቻ ነው የሚበረው። የመመለሻ በረራችሁ ማለዳ ከሆነ የመጨረሻውን የሪዞርት ሌሊት ትታችሁ ዋና ከተማዋ ማሌ አካባቢ ማደር ሊኖርባችሁ ነው። በፈጣን ጀልባ የሚደረስበትን ሪዞርት ምረጡ፣ የማመላለሻው ሂሳብም በክፍሉ ዋጋ ውስጥ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ አይካተትም።