«ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደሴ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ፤ ባጃጁ የሰው ነው። በቴሌግራም የተዋወቅሁት አንድ ደንበኛ ለሦስት ወር ያህል ሥራ ሲሰጠኝ ቆይቷል። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚላክ ጥቁር ፌስታል መናኸሪያ ተቀብዬ፣ እሱ ሎኬሽን የሚልክልኝ ቦታ አደርሳለሁ። 300 ብር ይከፍለኛል። ሌላ ሰው ለዚያው መንገድ 100 ብር ነው የሚከፍለኝ። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ስጠይቀው «የእናቴ መድኃኒት ነው» ብሎ ጽፎልኛል። ባለፈው ሳምንት ቧንቧ ውሃ አካባቢ ፖሊስ አስቆመኝ። ፌስታሉ ሲፈታ ኪኒን ወጣ፤ ዲያዚፓም ነው አሉኝ። አንድ ሌሊት አድሬ በዋስ ወጣሁ። ስልኬና ባጃጁ እዚያው ናቸው። ሰኞ የስልኩን ፓስወርድ ይዘህ ና ተብያለሁ። መስጠት ግዴታዬ ነው? ጓደኛዬ ደግሞ «አካውንትህን በእኔ ስልክ ከፍተን ቻቱን እናጥፋው» ይለኛል። እታሰር ይሆን?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ከቻቱ ልጀምር። እንዳትነካው! ጓደኛህ ለአንተ አስቦ ነው፤ ግን ገደል እየመራህ ነው። «ምንድነው?» ብለህ የጠየቅህበትና «የእናቴ መድኃኒት ነው» የተባልክበት መልእክት አንተን የሚረዳ ትልቁ ማስረጃ ነው። ካጠፋኸው የሚቀረው ፌስታሉና አንተ ብቻ ናችሁ። ፖሊስ ስልኩን በያዘ ማግስት ቻቱ መጥፋቱ ሲታወቅ ደግሞ ማንም ዳኛ በበጎ አያየውም።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥና አእምሮን የሚለውጡ ነገሮችን ያለ ፈቃድ መሸጥን ብቻ አይደለም የሚከለክለው። ማጓጓዝንም፣ ማከማቸትንም፣ ማከፋፈልንም ይጨምራል። ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እሥራትና እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ነው። ዲያዚፓም ሐኪም ለጭንቀትና ለሚጥል በሽታ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ሆኖም በ1971 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች መካከል ይገኛል። ስለዚህ «መድኃኒት እንጂ ዕፅ አይደለም» የሚለው መከራከሪያ ሩቅ አያስኬድህም።

የአንተ ጉዳይ የሚወሰነው በአንድ ነገር ነው፤ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? በሕጋችን ሰው የሚቀጣው ጥፋተኛ ሲሆን ነው። በቸልተኝነት የተሠራ ነገር የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲል ብቻ ነው፤ አንቀጽ 59ን ተመልከት። ግን አንቀጽ 58ም አለ። ነገሩ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገባበት ሰው አስቦ እንዳደረገው ይቆጠራል። «አላውቅም ነበር» እና «ማወቅ አልፈለግሁም» በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው።

ዐቃቤ ሕግ ምን እንደሚጠይቅህ ልንገርህ። ለ100 ብር መንገድ 300 ብር ለምን ተከፈለህ? የአንዲት እናት መድኃኒት ለምን በየጊዜው ሌላ ሰፈር ይሄዳል? ለእነዚህ እውነተኛ መልስ ያስፈልግሃል። ምናልባት ማታ ስለነበር ነው፣ ምናልባት መናኸሪያ ቆመህ ስለምትጠብቅ ነው። እውነቱ ይህ ከሆነ ቀንና ሰዓቱን አስታውሰህ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፍ። ካልሆነ ግን አትፍጠር። ለጠበቃህ እውነቱን ንገረው፤ የሚጠቅምህን መንገድ እሱ ያውቃል።

ፓስወርዱስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ላለመናገር መብት ሰጥቶሃል፤ በራስህ ላይ ማስረጃ የሚሆን ቃል እንድትሰጥም አትገደድም። አንቀጽ 26 ደግሞ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትህን ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በኮምፒውተር ወንጀል ምርመራ ኮምፒውተርን ለመበርበር የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ በእኔ እምነት መርማሪ ስለጠየቀህ ብቻ ፓስወርድ የመስጠት ግዴታ የለብህም። በትሕትና «ያለ ጠበቃ አልሰጥም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ አሳዩኝ» በል። ትእዛዝ ከመጣ ግን እንቢ ብለህ አትጋፈጥ። ቻቱ የሚጠቅምህ ከሆነ ደግሞ ከጠበቃህ ጋር መክራችሁ ራሳችሁ ልታቀርቡት ትችላላችሁ። ይህን ብቻህን አትወስን።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ሳልናገር አላልፍም። አንቀጽ 525 ሸክሙን የሚጥለው በማን ላይ ነው? በአብዛኛው እንደ አንተ ባለ ልጅ ላይ። ዕቃውን የላከው ሰው ስሙም ፎቶውም የሌለበት አካውንት ነው፤ አንተ ግን ታርጋ አለህ። ለ300 ብር ለተላከ ልጅም መነሻው 5 ዓመት መሆኑ ፍትሕ አይመስለኝም። ዳኛ ቅጣት ማቅለያ ሊቀበል ይችላል። ግን እንዲህ ላለ ልጅ ዝቅ ያለ መነሻ ሕጉ ላይ ራሱ መጻፍ ነበረበት።

ከተማችንን እንይ። ጫት በአደባባይ ይሸጣል፤ መንግሥትም ግብር ይሰበስብበታል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ግን በዚያው የ1971 ስምምነት ከዲያዚፓም በጣም የጠበቀ ክልከላ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ብሪታኒያ በ2014 እ.ኤ.አ. አገደችው፤ እኛ ጋ ሕጋዊ ነው። ይታገድ ማለቴ አይደለም። ከምርቃና በኋላ እንቅልፍ እንቢ ያለው ልጅ ኪኒኑን ፈልጎ ቴሌግራም የሚገባው ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ስለሚፈራ ነው። ያን ልጅ ማሰር አያድነውም። ኪኒኑን ከአልኮል ጋር ሲወስደው ትንፋሹ ሊቆም እንደሚችል የሚነግረው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ቴሌግራምን መዝጋትም መፍትሔ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ሲገደቡ ሰዉ ቪፒኤን እየጫነ ቀጠለ። የተጎዳው ጫማና ቀሚስ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያለ ፈቃድ መድኃኒት መነገድን ይከለክላል። እነዚህ መድኃኒቶችም ለብቻው በታተመ የሐኪም ማዘዣ ነው የሚሸጡት። ወረቀት ግን ይሰረቃል፣ ይባዛል። ቁጥጥር የሚፈልግ መንግሥት ቴክኖሎጂውን እዚህ ላይ ያውለው። እያንዳንዱ ማዘዣ በቁጥር ይመዝገብ፣ አንዴ ከተሸጠበት ይዘጋ። ኪኒኑ ከየትኛው መጋዘን እንደወጣ ከባጃጅ ነጂ ስልክ ይልቅ ያ መዝገብ ይናገራል።

ስለ ባጃጁ፦ ባለቤቱ ሊብሬውን ይዞ በራሱ ስም ማመልከቻ ያስገባ። ንብረቱ የእሱ መሆኑንና ስለ ዕቃው እንደማያውቅ ይጻፍ። በየቀኑ ገቢ የምታስገባበት ውል ወይም የባንክ ማስረጃ ካለ አያይዙት።

ሰኞን አትቅር፤ ዋስህ አደጋ ላይ ይወድቃል። ቃል የሰጠህበትን ወረቀት ከመፈረምህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው። ያላልከው ነገር ከተጻፈ ይስተካከልልኝ በል። ለጠበቃ የምትከፍለው ከሌለህና ክስ ከተመሠረተ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምልህ ዳኛውን ጠይቅ። ያ ደንበኛ በሌላ ቁጥር ከደወለልህ አታናግረው፤ የደወለበትን ሰዓት ግን መዝግብ።