የአንባቢያን ጥያቄ፦ ደብሊን ዋንጫውን በገንዘብ ነው የበላው?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምኖረው አየርላንድ፣ ደብሊን ነው። ልጄ ሰፈራችን ባለው ክለብ ጌሊክ ፉትቦል (በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የአየርላንድ ኳስ) ይጫወታል። የማዮ ካውንቲ (የአስተዳደር አካባቢ) ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ «ደብሊን ዋንጫውን በገንዘብ ነው የበላው» እያለ ይከራከረኛል። ተጫዋቾቹ ግን በአብዛኛው ለየትውልድ ካውንቲያቸው ነው የሚጫወቱት፤ ደመወዝ የላቸውም፣ የዝውውር ገበያም የለም። ታዲያ ገንዘቡ ምን ይሠራል? ለስፖርቱ የሚሰጠው ድጎማስ በካውንቲዎች መካከል እንዴት ቢከፋፈል ይሻላል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ቢቆጩ አይፈረድባቸውም። ማዮ ከ1951 ወዲህ የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም፤ በ2013፣ በ2016፣ በ2017 እና በ2020 ፍጻሜ ላይ ያሸነፈው ደብሊን ነው። ደብሊን ከ2015 እስከ 2020 ስድስት ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል።

ተጫዋች መግዛት ስለሌለ ያለው አማራጭ ልጆችን ማፍራት ነው፤ ገንዘቡም የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስፖርቱን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ለደብሊን የሰጠው ልዩ ድጎማ በብዙ ክለቦች ባለደመወዝ የታዳጊ አሰልጣኝ ለመቅጠር ዋለ፤ የደመወዙን ግማሽ ክለቡ፣ ግማሹን ድጎማው ይሸፍን ነበር። አሰልጣኙ ጠዋት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ኳስ አያያዝና በእጅ መትቶ ማቀበል ያስተምራል፤ ማታ እነዚያኑ ልጆች ክለቡ ሜዳ ላይ ያገኛቸዋል። በሌላ ካውንቲ ያለው በጎ ፈቃደኛ ግን የሚደርሰው ከሥራ መልስ ነው፤ የሚያገኘውም ቀድሞ ክለብ የገባውን ልጅ ብቻ። ልዩነቱ ዋናው ቡድን ላይ የሚታየው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ ዛሬ ድጎማውን መቀነስ ነገ ውጤት አይቀይርም። ድጎማው ሲጀመር ምክንያት ነበረው፤ ፍሬው ከታየ በኋላም ለዓመታት መቀጠሉ ግን ትክክል አልነበረም።

ገንዘብ የማይለውጠው ነገርም አለ። በ2022 ቆጠራ ደብሊን 1,458,154፣ ሌትሪም ደግሞ 35,199 ሕዝብ ነበራቸው። በ2002 የማኅበሩ ገምጋሚ ኮሚቴ ደብሊን በሁለት ቡድን እንዲከፈል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ተግባራዊ አልሆነም። ያም ሆኖ የሕዝብ ብዛት ብቻውን ዋንጫ አያመጣም፤ 156,458 ሕዝብ ያላት ኬሪ በ2025 39ኛ ዋንጫዋን አንስታለች።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ወጪ መንገድ ነው። የሌትሪም ወጣት የሚማረውም የሚሠራውም ብዙ ጊዜ ደብሊን ነው፤ ከዚያ እስከ ሌትሪም ዋና ከተማ ካሪክ ኦን ሻነን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሥር ተጫዋቾች በየፊናቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ ለልምምድ ቢመላለሱ 6,000 ኪሎ ሜትር ነው። የነዳጁን ሒሳብ የሚሸፍነው የካውንቲው ቦርድ (ማኅበሩን በካውንቲው የሚያስተዳድረው አካል) ነው፤ የደብሊን ተጫዋች ደግሞ ከሥራው ወጥቶ ከተማውን አቋርጦ ልምምድ ይደርሳል። ቢጠይቁን፣ ማስተካከያው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፤ የልምምድ ጉዞ ወጪ ከማኅበሩ ማዕከላዊ ካዝና ይከፈል።

ድጎማውን ለሁሉም ካውንቲ እኩል ማካፈል አያዋጣም፤ የደብሊን ልጆች አሰልጣኝ ያጣሉ። በሕዝብ ቁጥር ብቻ ማካፈልም ክፍተቱን እንዳለ ያቆየዋል። የተሻለው፣ ለእያንዳንዱ ካውንቲ ስፋቱ ሳይታይ የተወሰኑ አሰልጣኞችን ደመወዝ አስቀድሞ መመደብ፣ የቀረውን በተመዘገቡ ልጆች ልክ ማከፋፈል ነው። ትልቅ ስፖንሰር ያለው ካውንቲ ከራሱ የሚያዋጣው ድርሻ ከፍ ይበል።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገንዘቡ «ለስፖርት ልማት» ተብሎ በጥቅሉ ከተሰጠ፣ ውጤት የተጠማ ቦርድ ለዋናው ቡድን ካምፕና ሕክምና ያውለዋል። ስለዚህ በቀጥታ ለአሰልጣኙ ደመወዝ ይከፈል፤ ሪፖርቱም ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ሰዓት እንደተሠራ ያሳይ።

ከባልደረባዎ ጋር ክርክሩን በማስረጃ ለማድረግ፣ ቦርዶቹ በዓመታዊ ጉባኤያቸው የሚያቀርቡትን የሒሳብ ሪፖርት ይመልከቱ። የደብሊንንና የማዮን ጎን ለጎን አድርገው ለታዳጊዎች ሥልጠና የወጣውን ለዋናው ቡድን ዝግጅት ከወጣው ጋር ያነጻጽሩ፤ የጉዞ ወጪንም ለብቻው ያውጡት።