የሻማ ሽቶ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጥያቄና መልስ

እዚህ ጎንደር ሻማ መሥራት የጀመሩ አንባቢዎች የላኩልኝ ጥያቄ ተጠራቅሟል። አብዛኛው ስለ ሽቶ ዘይት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ከማራኪ የጻፈች እህት ሦስት ትንንሽ ጠርሙስ የሽቶ ዘይት ገዝታለች፤ ጽጌረዳ፣ ቫኒላና ሰንደል። ጠርሙሱ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ሱቅ ውስጥ ሲሸተት ልብ ይሰርቃል። ሻማውን ሠርታ በማግስቱ ስታበራው ግን ምንም አልሸተተም። «ተታለልኩ ወይ?» ትላለች።

ምናልባት አልተታለልሽም። ገበያ ላይ «የሽቶ ዘይት» የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው። ሰውነት የሚቀቡት አለ፣ ለሳሙና የሚሆን አለ፣ ውሃ ላይ ጠብ አድርገው ቤት የሚያውዱበት አለ። አፍንጫ አይለያቸውም፣ ሰም ግን ይለያቸዋል። ለሻማ የተዘጋጀው ከቀለጠ ሰም ጋር ይዋሃዳል። ውሃ ወይም አልኮል ያለበት አይዋሃድም።

ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ «ለሻማ የተሠራ ነው?» በይው። ቀጥለሽ ወረቀቱን ጠይቂ። ደህና አቅራቢ ሁለት ወረቀት ማሳየት ይችላል። አንዱ የደህንነት መረጃ ነው፤ ዘይቱ በስንት ዲግሪ እሳት እንደሚይዝ፣ ዓይን ወይም ቆዳ ቢነካ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ሌላው የኢፍራ ማረጋገጫ ነው። ኢፍራ ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር ነው። አንድ ሽቶ በየትኛው ምርት ላይ እስከ ስንት በመቶ እንደሚፈቀድ በምድብ ያስቀምጣል፤ ሻማ 12ኛው ምድብ ውስጥ ነው። እዚያ የምታዪው ቁጥር የደህንነት ጣሪያ ነው እንጂ ሰምሽ የሚሸከመው መጠን አይደለም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ስም የሌለው ጠርሙስ አትግዢ የምለው ለደህንነት ብቻ አይደለም። ጽጌረዳሽ ተወደደልሽ እንበል። ደንበኛሽ በወሩ ተመልሳ «ያንኑ ስጪኝ» ትላለች። አንቺ ደግሞ ማን እንደሠራው አታውቂም። ሻጩ ከሌላ ጀሪካን ቀድቶ ይሰጥሻል፣ ሽታው ሌላ ይሆናል። ደንበኛዋም ሄደች።

ሱቅ ውስጥ ስታሸቺም ጠርሙሱን አፍንጫሽ ሥር አትደቅኚ። ከደብተር ላይ ቀጭን ወረቀት ቅደጂና ጫፉን ንከሪ። የሱቁ አየር ራሱ በሽቶ የተሞላ ነውና ይዘሽው ወደ ደጅ ውጪ። አሽቺው፣ በወረቀት ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፣ ቤት ገብተሽ ቡና ከጠጣሽ በኋላ ደግመሽ አሽቺው። መጀመሪያ ላይ የሚጮኸው ቶሎ ይተናል። ቆይቶ የሚቀረው ነው ለሻማ የሚጠቅምሽ።

ዘይቶቹን ከመጣልሽ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። በማግስቱ ነው ያበራሽው። የአኩሪ አተር ሰም ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ተከድኖ መቀመጥ አለበት። ክሩንም እዪው። ክሩ ለዕቃው ከቀጠነ የሚቀልጠው ሰም ትንሽ ነው፣ ሽታውም እንደዚያው።

«ለአንድ ሻማ ስንት ጠብታ?» በጠብታ አይለካም፣ በግራም ነው። ለ200 ግራም ሰም በ6 በመቶ ብትጀምር 12 ግራም ሽቶ ይሆናል። አብዛኛው የሰም ዓይነት ከ10 በመቶ በላይ ሲጨመርበት ዘይቱ ላብ ሆኖ ይወጣል። ሚዛን ሳትገዛ ሽቶ አትግዛ።

ከፒያሳ፦ «ቫኒላ የጨመርኩበት ነጭ ሻማ ቡኒ ሆነብኝ።» ቀለሙን የለወጠው ቫኒላ ሽቶው ውስጥ ያለ ቫኒሊን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሻማው አልተበላሸም።

«የሰውነት ሽቶ ብጨምርበትስ?» አይሆንም! እኔም ስጀምር ከጠርሙስ ሥር የቀረ ሽቶ ከሰል ላይ ወደተጣደ ሰም ገለበጥኩ። ጭስስ አለ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ትነቱ ከከሰሉ እሳት ያዘ። በክዳን አፈንኩት። ውሃ ብደፋበት ኖሮ የጋለው ሰም ተረጭቶ ይብስ ነበር። እንዲህ ያለ ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው፤ አልኮል ደግሞ በ78 ዲግሪ ይፈላል። ሰማችሁንም ከሰል ላይ በቀጥታ አትጣዱ፣ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ አቅልጡት። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሰሙ ከዚያ አያልፍም።

ከአዘዞ የጻፈ ወንድም የመተማ ዕጣን ወቅጦ የንብ ሰም ላይ ሊጨምር አስቧል።

ሐሳብህን ወድጄዋለሁ። የዕጣን አገር ሆነን ከሩቅ የመጣ ላቬንደር ብቻ መሸጣችን ያሳዝነኛል። ዱቄቱ ግን አይሆንም። ሥር ይዘቅጣል፣ ሙጫው ክሩን ይደፍነዋል፣ እሳቱ እየተንጣጣ ይጠፋል። የሚያስፈልግህ በእንፋሎት የወጣ የዕጣን ዘይት ነው። ከሰል ላይ እንደምታውቀው ጭስ አይሸትም፣ ወደ ፍራፍሬ ያደላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ገዝተህ ሞክር። የንብ ሰም የራሱ የማር ጠረን አለው፣ ለስላሳ ሽቶ ይውጥብሃል። ዕጣን ግን ይስማማዋል። ሰሙን ጠጅ ከሚጥሉ ሰዎች ጠይቅ። በ62 እና 64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል።

ልጇ አስም ያለበት እናት «የተፈጥሮ ዘይት ከሆነ አይጎዳም» ተብላለች።

እህቴ፣ ይህን አትመኚ። ከተክል የወጣ ዘይትም አስም ይቀሰቅሳል። ልጁን የሚከታተለውን ሐኪም ሳታማክሪ ሽቶ ያለው ሻማ ቤት ውስጥ አታብሪ፣ ሽቶም ቤት ውስጥ አትቀምሚ። ነገ ዛሬ አትበይ፣ ሄደሽ ጠይቂ። ደረቱ ሲያፏጭ ከሰማሽ ሻማውን አጥፍተሽ መስኮት ክፈቺ፣ የሚነፋለትን መድኃኒት ስጪው። ካልተሻለው ወዲያው ሆስፒታል ውሰጂው።

«ለጥምቀት እንግዶች ልሸጥ ነው፣ ስንት ዓይነት ሽቶ ልግዛ?» ሁለት ይበቃሻል። የእያንዳንዱን ትንሹን ጠርሙስ ግዢ፣ ከኅዳር አጋማሽ ሳያልፍ። በ6 እና በ8 በመቶ ሠርተሽ ሁለት ሳምንት አስቀምጪ። ከዚያ በር ዘግተሽ አብሪና ከውጪ ሰው ጥሪ፤ ያንቺ አፍንጫ ለምዶታል። የተመረጠውን በብዛት ገዝተሽ ለጥር 11 የሚሆነውን ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት ቅጂ። የተረፈውን ዘይት በጠቆረ ብርጭቆ ጠርሙስ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አኑሪ። ስለ ንግድ ፈቃዱ የክፍለ ከተማሽን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ።