ያለ ፈቃድ የሚሠራ ዲጂታል ዎኪ ቶኪ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። ለመስቀል በዓል መኪና ማቆሚያውን የምናስተናግድ ስምንት ልጆች ዲጂታል ዎኪ ቶኪ ልንገዛ ነው። ፈቃድ ያስፈልገዋል? የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ፒኤምአር 446 በሚባለው፣ ለማንም ክፍት በሆነው የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም። ጉልበቱ ከ0.5 ዋት አይበልጥም፣ አንቴናውም አይነቀልም፤ አንቴናው የሚፈታውን «ያው ነው» ብሎ የሚሸጥልህ ካለ እለፈው። ዋናው ነገር ግን ዲኤምአርና ዲፒኤምአር የሚባሉት ሁለቱ የዲጂታል ዓይነቶች እርስ በርስ አይግባቡም፣ ስለዚህ ስምንቱንም አንድ ዓይነት ግዙ፣ ቻናሉንና ኮዱንም አንድ አድርጉት። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር አትመን። ሕንፃ መሀል ጥቂት መቶ ሜትር ካገኘህ ጥሩ ነው። ዲጂታሉ ጥርት ብሎ ይሰማና ሲርቅ ድንገት ቁርጥ ይላል፤ ዲጂታል ያልሆነው የድሮው ዓይነት፣ አናሎጉ፣ እየሻከረ ያስጠነቅቅሃል። ደግሞ ቁልፉን ተጭነህ አንድ ሰከንድ ጠብቅና ተናገር። አለበለዚያ መጀመሪያው ይቆረጥና «አታስገባው» ያልከውን በር ላይ ያለው ልጅ «አስገባው» ብሎ ይሰማዋል።