ውትድርና ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ሰው በገዛ ፈቃዱ መለዮ ለመልበስ የሚነሳው ለምንድን ነው? የተነሳበት ምክንያትስ ያዛልቀዋል ወይ? ሕጉና የቅጥር ውሉ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የአንድን አገር አሠራር ስንጠቅስ ለምሳሌ ያህል ነው። ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ «ለአገሬ ስል ነው የምገባው» ይላሉ። እኔ ግን ሥራ አጥቼ ነው፤ የሳበኝ ደመወዙና የትምህርት ዕድሉ ነው። እንዲህ ብሎ መግባት ነውር አይሆንም? (የ20 ዓመት ወጣት)

መልስ፦ ነውር አይደለም፤ ብቻህንም አይደለህም። አሜሪካ የግዳጅ ምልመላን ትታ በ1973 ወደ ፈቃደኛ ጦር ስትሸጋገር፣ የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ቻርልስ ሞስኮስ ውትድርና ከ«ጥሪ» ወደ ተራ «ሥራ» እያዘነበለ መሆኑን በ1977 ጽፎ ብዙ ክርክር አስነስቷል። ጥሪ ብሎ የገባ ራሱን በግዴታና በክብር ይለካል፤ ሥራ ብሎ የገባ ደግሞ ደመወዙን ከውጭ ገበያ ጋር ያነጻጽራል። በተግባር ግን ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አገሩን የሚወድ ሰው ደመወዝ አይጠላም።

እንዲያውም በጥቅም የተሳበ ሰው አንድ ብልጫ አለው፤ የሚፈልገው ነገር ሊቆጠርና በወረቀት ሊሰፍር ይችላል። ስለዚህ ጻፈው። የምትፈልገውን እያንዳንዱን ነገር ዘርዝርና ከጎኑ ማን እንደሚሰጥህ፣ መቼ እንደሚሰጥህ፣ በምን ምክንያት ልታጣው እንደምትችል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውሉ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሰፈረ ሙላበት። አንቀጽ ያላገኘህለት ተስፋ እንዳልተሰጠህ ቁጠረው። መልማዩ ክፉ ሰው ነው ማለታችን አይደለም። ግን በብዙ አገር መልማይ ይህን ያህል ሰው አምጣ የሚል ኮታ አለበት፤ የሚነግርህም የሚያጓጓውን ወገን ነው።

ደመወዙን ስትጠይቅ ግብር፣ የጡረታ መዋጮና ሌላው ተቀናሽ ከተነሳ በኋላ እጅህ የሚገባውን ጠይቅ። በሥልጠና ላይና ከተመደብክ በኋላ የሚከፈለው ሊለያይ ይችላል። የግዳጅ አበል ግዳጁ ሲያበቃ ይቆማል፤ በአበል ተማምኖ ብድር የገባ ወታደር የሚቸገረው ያኔ ነው። ለቤተሰብ የምትልክ ከሆነ ከመሄድህ በፊት የባንክ ሂሳብህን ክፈት፣ በመታወቂያህና በባንኩ የተጻፈው ስምህ በፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጥ፣ ለምታምነው ሰውም ውክልና ስጥ። ማሠልጠኛ ከገባህ በኋላ ይህን ለማስተካከል ፈቃድም ስልክም ላታገኝ ትችላለህ።

የመግቢያ ጉርሻ ከተባለልህ አከፋፈሉን መርምር። በአሜሪካ ጉርሻው የሚከፈለው በተቀጠርክበት ሙያ ሥልጠናውን ስትጨርስ ነው፤ ዘመንህን ሳትፈጽም ብትወጣ ያላገለገልክበትን ድርሻ ልትመልስ ትችላለህ። የትምህርት ዕድሉም እንዲሁ በአገልግሎት ዘመን የታሰረ ነው። እዚያው አገር አሁን በሚሠራበት ሕግ ሙሉው ድጋፍ የሚገኘው በጠቅላላው 36 ወር በመደበኛ አገልግሎት ላይ ለቆየ ሲሆን፣ የሚሸፍነውም እስከ 36 ወር የሚደርስ ትምህርት ነው። ዕድሉን ለልጅ ወይም ለትዳር ጓደኛ ማስተላለፍ የሚፈልግ ደግሞ 6 ዓመት አገልግሎ ለተጨማሪ 4 ዓመት መፈረም አለበት። «አራት ዓመት ነው» የሚለውን ቃልም ጠንቅቀህ ስማ፤ አራቱ መደበኛው አገልግሎት ብቻ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካው ግዴታ ተጠባባቂነቱን ጨምሮ በድምሩ 8 ዓመት ነው።

ሙያ እማራለሁ ካልክ የሙያው ስም ውሉ ላይ ይጻፍ። «በጦሩ ፍላጎት መሠረት ይመደባል» የሚል ሐረግ ካለ መካኒክ ልሆን ብለህ ገብተህ እግረኛ ብትሆን መከራከሪያ የለህም። የምታገኘው የምስክር ወረቀት በሲቪል በኩል መታወቁንም የሲቪሉን ፈቃድ ሰጪ አካል ጠይቅ። የጦር ሜዳ የሕክምና ረዳት ከጦሩ ሲወጣ እንደ ነርስ የማይቆጠርበት አገር ብዙ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይሰፍር አንድ ጥያቄ ይቀርሃል። ይኸው ደመወዝና ትምህርት ሌላ ቦታ ቢሰጥህ ጦሩን ትመርጠዋለህ? «በጭራሽ» ካልክ መጀመሪያ ያንን ሌላ ቦታ ደህና አድርገህ ፈልግ። ውትድርና ሌላ ሥራ የማይጠይቀውን ይጠይቃል፤ መቁሰል፣ መሞት፣ መግደልም አለበት። ያ ቀን ሲመጣ ደመወዝ ብቻውን ሰው አያቆምም።

ጥያቄ፦ በመግቢያ ቃለ መጠይቅ «ለምን መግባት ፈለግሽ?» ሲሉኝ ምን ልበል? «አገሬን ስለምወድ» ማለት አይበቃም? (አመልካች)

መልስ፦ አይበቃም፤ እንደዚያ የማይል የለማ። ጠያቂዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት የምትገቢበትን ታውቂው እንደሆነና ያለፈው ሕይወትሽ የምትዪውን ይደግፍ እንደሆነ ነው። «የመገናኛ ክፍል ብመደብ እመርጣለሁ፤ ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ፤ ከሥልጠና በኋላ የትም ልላክ እንደምችል ገብቶኛል፤ ደመወዙም ለቤተሰቤ ያስፈልጋል» ያለች አመልካች ከመፈክር የተሻለ ተናግራለች። ደመወዝን ማንሳት አይጎዳም፤ ብቸኛው ምክንያት ሲሆን ነው የሚያጠራጥረው።

ቀጥሎ «ያልመረጥሽው ክፍል ብትመደቢስ?» መባልሽ አይቀርም። «ምንም አይደል» ብለሽ አትቸኩዪ፤ የምትቀበያቸውን ሌሎች ክፍሎች በስማቸው ጥሪ። ለበቀል መግባት የሚፈልግ ሰው በደህና መርማሪ ፊት አያልፍም፤ መሣሪያ ይዞ «አትተኩስ» የሚል ትእዛዝ መቀበል የማይችል ሰው ለጓዶቹም አደጋ ነውና። አስም፣ የቆየ ስብራት፣ የምትወስጂው መድኃኒት፣ የፖሊስ መዝገብ ካለሽ አትደብቂ። የተደበቀ ነገር ከዓመታት በኋላ ቢገኝ እንኳ ሊያሰናብትሽ ይችላል፤ ቀድሞ የተነገረ ግን ብዙ ጊዜ በሐኪም ይታያል።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ ከተለየችኝ ወዲህ አካባቢው ሁሉ አስጠልቶኛል። ከሰው ዐይን ርቄ፣ መጠጡንም ትቼ፣ ሰው ሆኜ ለመመለስ ነው የማስበው። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ሥርዓት መፈለግህ መልካም ነው፤ የተቆረጠ የመኝታና የመነሻ ሰዓት፣ በሥልጠና ወቅትም መጠጥ አለመኖሩ በእርግጥ ይረዳል። ችግሩ ሥርዓቱ የአንተ ሳይሆን የማሠልጠኛው መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ፈቃድ ከግቢ ስትወጣ የድሮው መጠጥ እዚያው ይጠብቅሃል። ደግሞ ከሰው ዐይን ልሽሽ ብለህ የምትሄድበት ቦታ ሽንት ቤት እንኳ ብቻህን የማትሆንበት ነው። ስልክ ይገደባል፣ የሚያጽናናህ ዘመድ ይርቃል፣ ድካሙ ይበረታል። ኀዘን ይዞ ለገባ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። ሥራ ሲያስጠላ መልቀቂያ ማስገባት ይቻላል፤ ከጦር ግቢ ያለ ፈቃድ መውጣት ግን ወንጀል ነው።

ምክራችን ሦስት ወር ቆይ ነው። ሦስቱንም ወር መጠጥ ሳትቀምስ ሞክር። ከቻልክና ፍላጎቱ ካልጠፋ ያኔ አመልክት። ካልቻልክ መጀመሪያ ታከም። «ብሞትም ግድ የለኝም» የሚል ሐሳብ ውስጥህ ካለ ግን ዛሬውኑ ለምታምነው ሰውና ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ተናገር፤ በዚያ ስሜት ላይ እያለህ ምንም ነገር አትፈርም።

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። አባቱም ወታደር ነበሩ፤ ጓደኞቹም ተመዝግበዋል። «ፈርሚልኝ» እያለ ያስጨንቀኛል። (እናት)

መልስ፦ ፊርማዎ እንዲሁ የወግ አይደለም። የሕፃናት መብት ስምምነት ስለ ጦር ግጭት ያለው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ2000 ጸድቆ ከ2002 ጀምሮ ይሠራል። የተቀበሉት አገሮች ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው በግዳጅ አይመለምሉም፤ በውጊያ ላይም በቀጥታ እንዳይሳተፍ የሚቻላቸውን ሁሉ ማድረግ አለባቸው። ከ18 በታች ፈቃደኛ የሚቀበሉ አገሮች ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን፣ ወላጅ አውቆ መስማማቱን፣ ልጁ ግዴታውን በሙሉ እንደተነገረውና ዕድሜው በአስተማማኝ ማስረጃ እንደተረጋገጠ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። በእርስዎ አገር ትንሹ የመግቢያ ዕድሜ 18 ከሆነ ደግሞ ነገሩ ገና ከመጀመሪያው አለቀ።

የወታደር ልጅ መሆኑ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የአባት ከቤት መራቅ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። የጓደኞቹ ነገር ግን ይመርመር። ከመሠረታዊ ሥልጠና በኋላ እያንዳንዱ ሰው ወደሚፈለግበት ይመደባል፤ አብሮ የገባ አብሮ አይቆይም። «ሌሎቹ ሌላ ቦታ ቢመደቡ፣ አንተ ብቻህን ትቀጥላለህ?» ብለው ይጠይቁት። ለመልማዩ ደግሞ፣ ልጁ እዚያው ላይ ባለበት፣ 18 ዓመት ሳይሞላው ሐሳቡን ቢቀይር መውጣት ይችል እንደሆነ ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። እንደ ብሪታንያ ያሉ አገሮች ይህን መብት ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ የፈረንሳይን የውጭ ሌጌዎን ተቀላቅዬ ዜግነት ማግኘት እፈልጋለሁ። አንድ ደላላ በክፍያ አስገባሃለሁ ይላል።

መልስ፦ ገንዘብህን ያዝ። ሌጌዎኑ የውጭ አገር ሰዎችን የሚቀጥር የፈረንሳይ ጦር ክፍል ነው፤ አመልካች የሚቀበለው ፈረንሳይ ውስጥ ባሉት የምልመላ ጣቢያዎች በአካል ሲቀርብ ብቻ ነው፤ ምዝገባው ነጻ ነው፤ ደላላ አያስፈልገውም። የሚቀበለው ከ17 ዓመት ተኩል እስከ 39 ዓመት ተኩል ያሉ ወንዶችን ሲሆን የመጀመሪያው ውል 5 ዓመት ነው። ዜግነት ከ3 ዓመት አገልግሎት በኋላ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን በራሱ አይመጣም፤ መልካም ጠባይ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ጀብዱ እወዳለሁ፤ ራሴን መፈተን ነው የምፈልገው። እንዴት ልዘጋጅ?

መልስ፦ ፈተናውን ሥልጠናው ይሰጥሃል፤ በአሜሪካ ምድር ጦር 10 ሳምንት፣ በባሕር እግረኛው 13 ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሰላም ጊዜ ግን በአብዛኛው ጥበቃ፣ መሣሪያ መወልወል፣ ተሽከርካሪ መጠገንና መጠበቅ፣ አሁንም መጠበቅ ነው። ጀብዱ ፈላጊ ስልቹ እንዳይሆን ክፍሉን ቀድሞ ይምረጥ።

ለዝግጅቱ 12 ሳምንት ያዝ። በሳምንት ሦስት ቀን ሩጥ፤ ርቀቱን ከሳምንት ሳምንት ከአሥር እጅ አንድ እጅ ብዙም ሳታስበልጥ ጨምር። በሳምንት አንድ ቀን 10 ኪሎ አዝለህ 5 ኪሎ ሜትር ተራመድ፤ ሸክም ይዘህ ግን አትሩጥ። ጫማውን ቀድመህ ለምደው። ራሱን ለመፈተን የመጣ ሰው የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በችኮላ ነው፦ ጫናው በድንገት ሲጨምር የቅልጥምና የእግር መዳፍ አጥንቶች ራሳቸውን ለመጠገን ጊዜ አጥተው ይሰነጠቃሉ። ጡንቻ ሲደክም ሕመሙ ሰፋ ብሎ ይሰማል። በቅልጥምህ ላይ በአንድ ጣት ልታሳየው የምትችል፣ በሩጫ የሚብስ የሕመም ነጥብ ካለ ግን አቁምና ታይ። ችሎ መቀጠል እዚህ ላይ ጀግንነት አይደለም፤ ከሥልጠናው ያስወጣሃል።

ጥያቄ፦ ውሌ ሊያልቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል። የገባሁበት የወኔ ስሜት ጠፍቷል። ላድስ ወይስ ልውጣ? (በአገልግሎት ላይ ያለ አሥር አለቃ)

መልስ፦ ያ ስሜት መጥፋቱ የተለመደ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ሳሙኤል ስቶውፈርና ባልደረቦቹ የአሜሪካን ወታደሮች ሲጠይቁ፣ በውጊያ ላይ ያጸናን ብለው የጠቀሱት ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤት መመለስንና ጓዶቻቸውን ነበር፤ ትልልቅ ዓላማዎችን ያነሱት ጥቂቶች ናቸው። ሌሎቹ የሶሺዮሎጂ ምሁራን ሺልስና ጃኖዊትዝም በ1948 ስለ ጀርመን ጦር ሲጽፉ ያጎሉት የትንሹን ጓድ ትስስር ነው። የሚያስገባና የሚያቆይ ምክንያት አንድ መሆን የለበትም።

ስለዚህ የጠፋውን ወኔ ትተው አሁን ያስጠላዎትን ነገር ይለዩ። አዛዥዎ ወይም ጣቢያው ከሆነ መፍትሔው ዝውውር ነው፤ ከማደስዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከፈረሙ በኋላ መደራደሪያ የለዎትም። ሥራው ራሱ ከሆነ የጡረታ ዘመንዎን ይቁጠሩ። በ6ኛው ዓመት መውጣትና ጡረታ ሊከበር ሦስት ዓመት ሲቀር መውጣት አንድ አይደሉም። የትዳር ጓደኛዎንም ከመወሰንዎ በፊት ይስሙ።

ለመውጣት ከወሰኑ የአገልግሎት መዝገብዎን፣ የሥልጠና የምስክር ወረቀቶችዎንና በተለይ የሕክምና ማህደርዎን ቅጂ ገና በአገልግሎት ላይ ሳሉ ያውጡ። በአገልግሎት ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ ከመውጣትዎ በፊት በሐኪም ተመርምሮ ይመዝገብ፤ በመዝገብ ላይ ያልሰፈረን ጉዳት ከስንብት በኋላ የአገልግሎት ጉዳት ነው ብሎ ማስረዳት በጣም ይከብዳል።