የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጣና ዳር በካራቫን፣ ከሁለት ውሾች ጋር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመኪና የምንጎትታት፣ የምናድርባት ባለ አንድ አክስል ካራቫን አለችን። በጥር ባሕር ዳር አጠገብ፣ ጣና ዳር አንድ ሳምንት ልንሰነብት አስበናል። ሁለቱ ውሾቻችን 28 እና 12 ኪሎ ይመዝናሉ። ወደ ዘጌ በጀልባ ስንሻገር ካራቫኗ ውስጥ ዘግተንባቸው ብንሄድ ችግር አለው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለው፤ እባክዎ አያድርጉት። ወደ ዘጌ በጀልባ መሄድ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ገዳማቱን አይቶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የጥር ማለዳ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሙቀቱ ወደ 27 ዲግሪ ይጠጋል። በዚህ ሙቀት ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 37፣ በግማሽ ሰዓት 46 ዲግሪ ገደማ ይገባል። ካራቫን ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ለመጋል ይዘገያል እንጂ አይቀርለትም፤ አንዴ ከጋለ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ቬንቲሌተር ከፍቶ መሄድም አያድንም። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በላብ ሳይሆን በማለክለክ ነውና የጋለ አየር ቢነፍስበት እፎይታ አያገኝም። መብራት ከጠፋ ደግሞ እሱም ይቆማል።

ይዟቸው መሻገርም አይሆንም፤ ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም። ስለዚህ ለሁለት ተከፍላችሁ በተለያየ ቀን ሂዱ፤ አንድ አዋቂ ሰው ሁልጊዜ ከውሾቹ ጋር ይቅር። ካራቫኗን ስታቆሙ የጠዋቱን ጥላ አትመኑ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ከምዕራብ ስትመታ ዋርካው የት እንደሚያጠላ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ለሁለቱ 2.4 ሊትር መሆኑ ነው። በሙቀት ቀን እጥፉን ያዙ። 20 ሊትር ጀሪካን ለነሱ ብቻ 4 ቀን ይበቃል።

ማለክለኩ አልበርድ ካለ፣ ድዱ ደም ከመሰለ ወይም ከተንገዳገደ ሙቀት መትቶታል። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ከደረሰ ለሕይወቱ ያሰጋል። ወዲያው መላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ያራግቡት፤ ሐኪም ዘንድ መውሰዱ ከዚያ በኋላ ይሁን። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ሙቀቱን ያፍነዋል እንጂ አያወጣውም።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ለጥበቃ ውጭ ብናስራቸውስ? (አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ቀን ይታሰሩ፤ ከ12 ሰዓት በፊት ግን ሁለቱም ውስጥ ይግቡ። የታሰረ ውሻ ለጅብ የቀረበ ራት ነው። ከጅብም የሚከፋው ጉማሬ ነው፤ በተለይ አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል፤ የሚመላለሰውም በለመደው መንገድ ነው። ከውሃው ዳር ተነስቶ ሣሩን ለሁለት የከፈለ፣ የተረገጠ ሰፊ ዱካ ካያችሁ እዚያ አትቁሙ። በእሱና በውሃው መካከል የገባ ማንኛውም ነገር ያስቆጣዋል። የተፈታ ውሻ ጮሆበት ሲያባርረው የሚሸሸው ወደ ጌታው ነው፤ ጉማሬው ይከተላል። ማታ ለሽንት ስታወጡ በአጭር ማሰሪያ፣ ባትሪ እያበራችሁ፣ ወደ ውሃው በማይሄድ በኩል ይሁን።

ለቀኑ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገመድ ያስፈልጋል። በሁለት ዛፎች መካከል፣ ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ ላይ 8 ሜትር ያህል ገመድ ወጥሩ፤ በላዩ የሚንሸራተት ቀለበት አስገብታችሁ ማሰሪያውን ከቀለበቱ አንጠልጥሉ። ከሁለቱም ዛፎች 2 ሜትር መለስ ብላችሁ ገመዱን ቋጥሩት፤ አለበለዚያ ውሻው ግንዱን ዞሮ ዞሮ ራሱን ያንቃል። ማሰሪያው ከአንገት ሳይሆን ከደረት ይያዝ። ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ እንዳይደርሱ አራርቃችሁ ዘርጉ፤ የተጠላለፉ ውሾች፣ ወንድማማች እንኳ ቢሆኑ፣ ይነካከሳሉ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸው ቢያንስ ከጉዞው አንድ ወር በፊት ይታደስ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ውስጥ ቢዋኙስ? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ሦስት ነገር እዩ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ሽፋን ካለ ጨርሶ አይግቡ፤ መርዘኛ ሊሆን ይችላል፣ ነፋስም ወደ ዳር ይሰበስበዋል። ውሻ በመጠጣት ብቻ ሳይሆን ጸጉሩን በመላስም ይመረዛል፤ መድኃኒትም የለውም። ከነካው በንጹሕ ውሃ ሳይልስ እጠቡት። እንቦጭ ባለበት ደግሞ፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ውሻ መሬት መስሎት ይዘልበታል፤ ሥሩ ውስጥ ተጠላልፎ መውጣት ያቅተዋል። ሦስተኛው ለእናንተ ነው፤ ውሻውን ለመያዝ ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ የገባ ሰው ቢልሃርዚያ ሊይዘው ይችላል። ለመታጠቢያ የሐይቁን ውሃ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት ቀድታችሁ በተከደነ ጀሪካን 48 ሰዓት ብታሳድሩት የቢልሃርዚያው ትል እጭ ይሞታል። ለመጠጥ ግን ይፈላ፣ ለውሾቹም ጭምር።

ዓሣ አጥማጆች በሚያራግፉበት አካባቢ መንጠቆና የቆሮሶ ዓሣ እሾህ አይጠፋም፤ እዚያ አትፍቷቸው።

ጥያቄ፦ የተረፈ ወጥ መስጠት ይቻላል? ቡና ካራቫኑ ውስጥ ማፍላትስ? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱም አይቻልም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የከሰል ምድጃ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ በጠባብ ክፍል ሰውንም ውሻንም በእንቅልፍ ይገድላል። ቡናው ውጭ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ይፍላ።

ጥያቄ፦ የአባይን በረሃ ስንወርድ ውሾቹ የት ይሁኑ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መኪናው ውስጥ፣ ታስረው። በሚጎተት ካራቫን ውስጥ እንስሳ አይጫንም። የውሃ ታንከሩን ባዶ አድርጉት፤ 100 ሊትር 100 ኪሎ ነው፣ ባሕር ዳር ትሞሉታላችሁ። የምግብ ጆንያው አክስሉ ላይ ይቀመጥ፤ ከኋላ ከከበደ ካራቫኗ ትወዛወዛለች። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ አትተኙ። ድልድዩን አልፋችሁ አመቺ ቦታ ስትቆሙ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ የካራቫኗ ጎማ መሐል አስጠጉ። አንዱ ከሌላው ይልቅ ከጋለ የዚያ ጎን ፍሬን ይዟል ወይም ኩሽኔታው ግራሶ ጎድሎታል፤ ሳይታይ ዳገቱን አትጀምሩ።